ለ«በረዶ» ስንት ቃል አለን? የላብራዶር ጠረፍ የበረዶ ቃላት ወደ ጎጃም አማርኛ ሲመለሱ

ተርጓሚው (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በላብራዶርና በኒውፋውንድላንድ የባሕር ዳር መንደሮች ሰዉ ለበረዶ ያሉትን የአካባቢ ቃላት የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የሚያነቡት የምሥራቅ ጎጃም ተማሪዎች ናቸው። ባሕር ሲባሉ ጣና፣ በረዶ ሲባሉ ደግሞ በሐምሌ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው ይመጣባቸዋል።

ችግሬ ቃላቱ ሁሉ እኔ እጅ ሲደርሱ አንድ መሆናቸው ነው። ስሎብ፣ ሲሽ፣ ባሊካተር፣ ግራውለር፣ ራፍተር፣ ግሊተር፣ ሲና፣ ራትል የሚሉ ስሞች አሉ። እኔ የጻፍኩት ግን «የደቀቀ በረዶ»፣ «የተቆለለ በረዶ»፣ «የዳር በረዶ»፣ «ተንሳፋፊ በረዶ» ሆነ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ እኔ ራሴ የትኛው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ፤ ተማሪውማ ምን ይዞ ይወጣል?

የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ በረዶ በትክክል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያስረዳኝ፤ ምንጩ አንዳንዱን በአንድ መስመር ብቻ አልፎታል። ሁለተኛ፣ ከጮቄ አካባቢ ከውርጭና ከአመዳይ ጋር የሚኖር ሰው ከሚጠቀምባቸው ቃላት የትኛው ለዚህ ይሆናል? ሦስተኛ፣ ሰው የሚሄድበትን፣ ውሃው ራሱ ጠጥሮ የሚሆነውን ነገር በአማርኛ ምን ልበለው?


ሞገድ (ባሕር ዳር)

መጀመሪያ ቃላቱን በመልካቸው መመደብዎን ይተዉት። «የደቀቀ»፣ «የተቆለለ» እያሉ የተቸገሩት ለዚያ ነው። የጠረፉ ሰው በረዶውን የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ይሸከመኛል ወይ? ጀልባ ያሳልፋል ወይ? ነገስ እዚሁ ያድራል ወይ? እያንዳንዱ ቃል ከእነዚህ ለአንዱ ወይም ለሁለቱ መልስ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ተማሪዎቹ ጣናን እያሰቡ ስለሚያነቡ የጨው ባሕር እንዴት እንደሚጠጥር አንድ አንቀጽ ያስገቡላቸው። ጨው አልባ ውሃ በ0 ዲግሪ ይጠጥራል። በጣም ከባድ የሚሆነው ግን 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ውሃ ቀላል ሆኖ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ የሐይቅ ፊት ቶሎ ይሸፈናል። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው፤ የሚጠጥረው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ላይ ነው። ጨዋማው ውሃ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ይሰምጣል፤ ከታች የሞቀው ይወጣል። በዚህ ምክንያት ባሕሩ ለመጠጠር ረጅም ብርድ ይፈልጋል።

ሲጀምር በውሃው ፊት ላይ መርፌና ቅርፊት የሚያህሉ ጥቃቅን ብልጭታዎች ይታያሉ። እነሱ ሲበዙ ውሃው ማንጸባረቁን ያቆማል፤ ስብ እንደፈሰሰበት ይደበዝዛል። ማዕበል ካለ እየተጋጩ ክብ ክብ ይሆናሉ፤ ስፋታቸው ከ30 ሳንቲሜትር እስከ 3 ሜትር፣ ዳር ዳራቸው በግጭቱ ምክንያት ከፍ ያለ ነው። ባሕሩ ዝም ካለ ደግሞ እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚደርስ ስስ ገበታ ይዘረጋል፤ ይህ ስስ ገበታ ከሥሩ ማዕበል ሲያልፍ ሳይሰበር አብሮ ይታጠፋል። የሚታጠፈው በውስጡ የታሰረው ጨዋማ ውሃ ስላላጠጠረው ነው። የሐይቅ በረዶ እንዲህ አይታጠፍም፤ ተሰንጥቆ ይሰበራል። ስለዚህ እኩል ውፍረት ካላቸው የባሕሩ ደካማ ነው። በጨው አልባ ጥርት ያለ በረዶ ላይ ለእግረኛ 10 ሳንቲሜትር ይበቃል ይባላል፤ በባሕር ላይ ይህን ቁጥር መያዝ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ።

ሲሽ በውሃው ፊት የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነው። አይሸከምም፣ ጀልባ ግን ያሳልፋል። ስሎብ ከዚህ የከበደ ነው፤ የበረዶ ስብርባሪ፣ የወደቀ አመዳይ (ከሰማይ በቀስታ የሚወርደው ነጭ) እና ሊጠጥር የደረሰ ውሃ ተደበላልቆ ይወፍራል። ጀልባው በመቅዘፊያ አይገፋም፣ ሰውም አይሄድበትም። ከሁሉ የሚያሳስተው እሱ ነው፤ ከሩቅ ነጭ ሜዳ ይመስላል።

ባሊካተር ከባሕሩ በረዶ የተለየ ነገር ነው። የማዕበል ፍንጣሪና የሚወጣ የሚወርደው ውሃ በዳር ድንጋዩ ላይ ድርብርብ እያለ የሚሠራው ግንብ ነው። ቃሉ መከላከያ አጥር ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል በአፍ ተለውጦ የመጣ ነው። እዚህ ጋ ለተማሪው መንገር ያለብዎ ነገር አለ። ጣና ላይ የማይታወቅ ቢሆንም የውቅያኖስ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ባሊካተር በድንጋዩ ተጣብቆ ይቆማል፤ ከፊቱ ያለው ተንሳፋፊ በረዶ ግን ከውሃው ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። በመሃላቸው ያለው ስንጥቅ እንደ ሰዓቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። ከዳር ተነስቶ ወደ በረዶው የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ስንጥቅ ነው።

ራፍተር የበረዶ ገበታዎቹ በነፋስና በወራጅ ውሃ ተገፍተው አንዱ በሌላው ላይ ሲወጣ ነው። ግሊተር ከባሕሩ ጋር አይገናኝም፤ ዝናቡ እንደወረደ ዛፉን፣ ገመዱን፣ ድንጋዩን የሚለብሰው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ግራውለር ከግግር ተራራ ተቆርሶ የሚንሳፈፍ ቁራጭ ሲሆን ከውሃው በላይ የሚታየው ከ1 ሜትር አያልፍም፤ ከ1 እስከ 5 ሜትር ከታየ ስሙ ሌላ ነው፤ በርጊ ቢት ይባላል። ከላይ የሚታየው ትንሽ ስለሆነ በማዕበል መሃል ይሰወራል፤ ከሥር ያለው ግን ከአሥር ዘጠኝ እጁ ነው። ምንጩ ከጥንት ጀምሮ የወረደ አመዳይ ስለሆነ ጨው የለበትም፤ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው።

ሲና የላብራዶር ኢኑይት ቃል ነው፤ ከዳር የተያያዘው በረዶ አልቆ ክፍት ውሃ የሚጀምርበት መስመር። አዳኙ የሚሄደው እዚያ ድረስ ነው፤ አቆስጣ የሚባለው የባሕር አውሬ የሚገኘው እዚያ ነውና። ራትል ደግሞ በደሴቶች መካከል ውሃው ስለሚሮጥ ክረምቱን ሙሉ የማይጠጥር ጠባብ መተላለፊያ ነው። ወፍና ዓሣ ያለበት ቦታ ነው፤ ዙሪያው ያለው በረዶ ግን ከሥር በወራጁ ስለሚበላ ከላይ ሳይታወቅ ይሳሳል። ራትልን «ፏፏቴ» ብለው እንዳይመልሱት አደራ፤ የሚወድቅ ውሃ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢኑይቶቹ የባሕሩን በረዶ ሲኩ፣ ቀልጦ የሚጠጣውን ጨው አልባውን ኒላክ ይሉታል። ስሙን የለየው መጠጣቱ እንጂ መልኩ አይደለም። ጽሑፍዎ ይህን ካልያዘ ቢያስገቡት መልካም ነው።


ደጋ ገብስ (ሲናን)

ስለ እኛው ቃላት። በጎጃም ደጋ ከብርድ ጋር የተያያዙት ቃላት ብዙ ናቸው፤ ግን ከጠረፉ ሰዎች በሌላ መስመር ነው የተደረደሩት። የኛ ሰው ብርዱን የሚጠይቀው ገብሱን ነካው ወይ፣ ከብቱን ጎዳው ወይ ብሎ ነው። በላዩ ላይ ልሂድ ወይ ብሎ የሚጠይቅበት አጋጣሚ የለም። የሚሸከም በረዶ ስም ያላገኙት ለዚህ ነው፤ ብዙ አይድከሙ።

ያሉትን ልዘርዝር። በረዶ ከሰማይ የሚወርደው ነው። ወቅቱ ክረምት ነው፤ ከዝናብ ጋር ይመጣል፣ ድምፅ አለው፣ ቅጠል ይበሳል፣ እሸት ያረግፋል። ውርጭ የሚመጣው በተቃራኒው ወቅት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ዝም ባለበት ሌሊት። ድምፅ የለውም። ጠዋት ገበሬው «ውርጭ መታው» ይላል። አመዳይ የሚታየው ነጭ ነገር ነው፤ ሣሩ፣ የገብሱ ዘለላ፣ የአጥሩ እንጨት አመድ እንደተነሰነሰበት ይሆናል። ጤዛ ያልጠጠረው እርጥበት ነው። ቁር አየሩ ውስጥ ያለው ብርቱ ብርድ፣ ቆፈን ደግሞ በሰው ጣት ላይ የሚደርሰው ድንዛዜ ነው።

ሰው ውርጭና አመዳይን አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንድ አይደሉም፤ ለትርጉምዎም ልዩነቱ ይጠቅማል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ብርዱ ነጩን ያወጣዋል፤ አመዳይ ታያለህ። አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ብርዱ ቅጠሉን ይገድለዋል፣ ነጭ የሚባል ነገር አይታይም። ድንች ላይ በግልጽ ይለያል፤ ጎህ ሲቀድ ቅጠሉ ደህና ይመስላል፣ ትንሽ የደረቀ ብቻ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት በሁለትና ሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይጠቁራል፣ ይልፈሰፈሳል። በውስጡ ያለው ውሃ ሌሊት ጠጥሮ የቅጠሉን ሕዋስ ስለቀደደው ነው። ይህ ውርጭ ነው፤ አመዳይ ግን አልነበረም።

ሌላው፣ ውርጭ ተዳፋቱን ትቶ ረባዳውን የሚመታው ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ሌሊቱን እንደ ውሃ ወደ ታች እየፈሰሰ ስለሚተኛ ነው። ከጉብታው ላይ ያለው ገብስ ተርፎ ከ20 ሜትር በታች ያለው ሊያልቅ ይችላል። መሬቱ ላይ ያለው ብርድም በሰው ቁመት ከተሰቀለው ቴርሞሜትር በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 2 ዲግሪ እያሳየ ማሳው ሊመታ ይችላል። የደረቀ መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ ይለቃል፤ መስኖ ያለው ሰው ውርጭ ሲጠረጥር ቀን ላይ የሚያጠጣው ለዚህ ነው።

ቃሉ ምን ያህል እንደገባን ለማሳየት፦ ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ በላይ ያለው የአየር ጠባይ ስሙ ራሱ ውርጭ ነው። ከ3,200 ሜትር ገደማ ይጀምራል፤ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያ ክልል ገብቶ ያልፋል። ጅብራው ማታ ማታ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን የሚሸፍነው እዚያ ነው።

ለትርጉሙ የምመክረው፦ ከሰማይ በቀስታ የሚወርደውን ነጭ «አመዳይ» ይበሉት፣ በረዶን ግን ለሚንጣጣው ይተዉለት። መዝሙረ ዳዊት 147 ላይ አመዳይ ከባዘቶ ጋር ተነጻጽሮ የቆመው ለዚህ ነው፤ በረዶውማ ፍርፋሪ ነው የተባለው። ጥጥ ያየ ተማሪ ወዲያው ይገባዋል።


ንባብ (ሞጣ)

ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፤ ውሃው ራሱ የሚጠጥረውን ምን እንበል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት «ረጋ» ነው። ቅቤ ይረጋል፣ ወተት ይረጋል፣ ስብ ይረጋል፤ ታዲያ ባሕር ቢረጋ ምን ይለዋል? ችግሩ «የረጋ ውሃ» አማርኛ ውስጥ ቦታ አለው፤ የማይንቀሳቀስ ውሃ ማለት ነው። «ባሕሩ ረጋ» ካሉ የጎጃም ተማሪ ማዕበሉ ቆመ ብሎ ነው የሚረዳው፤ በዚያ ላይ ታንኳ ይዞ ሊገባበት ነው። ለሞት የሚያበቃ የትርጉም ስህተት ነው። ስለዚህ ረጋን ብቻውን አይጠቀሙ።

«ግግር» የተሻለ ነው፤ ተጋግሮ የተያያዘን ነገር ይገልጻል። ነገር ግን መማሪያ መጻሕፍት «የበረዶ ግግር»ን ተራራ ላይ ለሚኖረው፣ በየዓመቱ ለሚደራረበው ሰጥተውታል፤ ግራውለር የሚቆረሰውም ከእሱ ነው። ለባሕሩ ከሰጡት የግራውለርና የሌሎቹ ልዩነት ይጠፋል፤ ሞገድ እንዳሉት ግራውለር ጨው የለውም፣ የባሕሩ ግን አለው። ስለዚህ ግግርን ለተራራው ይተዉትና ግሡን «ጠጠረ» ያድርጉት። ባሕሩ ጠጠረ፤ የጠጠረ ባሕር። ከዚህ የተሻለ ግሥ አላገኘሁም። ለጠቅላላ ስሙ «የባሕር በረዶ» ቢሉ ክፉ አይደለም፤ ግን አንዴ ብቻ ይግለጹትና ከዚያ በየስሙ ይሂዱ።

በግዕዝ እንዳይፈልጉም አይደለም። በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ የሚሉ አሉ፤ ቁርም ከዚያው ነው። አስሐትያ ለጠጠረ ነገር ይሆናል፤ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን አዲስ የውጭ ቃል ከማስተማር አይለይም። ሐመዳ አመዳይ ሆኖ በአፍ ስላለ በቂ ነው።

ቃላቱን ራሳቸውን ስለማስቀመጥ፦ ሲና፣ ባሊካተር፣ ራትል ይቅሩ። ጽሑፉ ስለ ቃላት የተጻፈ ነው እንጂ ስለ በረዶ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን አጥፍተው ትርጉሙን ቢተዉ የጽሑፉ ፍሬ ይጠፋል። ቃሉን በፊደላችን ይጻፉ፣ አጠገቡ በጎጃም ዕቃ ያመሳስሉት፣ ከዚያ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ስለ ጥቅሙ ያክሉ። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ቃሉን ብቻ ይጻፉ። የኒውፋውንድላንድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት መዝገበ ቃላት ላይ እነዚህ ስሞች እንደ ክብር ዕቃ ተመዝግበዋል፤ እኛ አንድ አድርገን ብናልፋቸው ያሳዝናል።


ተርጓሚው (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደመከራችሁኝ ቃሉን በፊደላችን አስቀምጬ ማመሳሰያ ልሰጥ ሞከርኩ። ተመልከቱልኝ፦ ክብ ክቡ፣ ዳሩ ከፍ ያለው «እንጎቻ»፤ ሲሽ «ቅንጬ»፤ ስሎብ «ድፍድፍ»፤ ባሊካተር «ካብ»፤ ራፍተር «ንብብር»፤ ግሊተር «ልብጥ»፤ ግራውለር «ጉማጅ»፤ ሲና «አፋፍ»፤ ራትል «የማይጠጥር ሰርጥ»።


ወለላ (ቡሬ)

እንጎቻው ልክ ነው፣ አይንኩት። ጠርዙ ላይ ብቻ አንድ ቃል ይጨምሩ፤ እንጎቻ ጠርዙ ስስ ነው፣ የባሕሩ ግን ዳሩ ወፍራም ነው። «ዳሩ የተቀለበሰ እንጎቻ» ቢሉ ይገጥማል።

ድፍድፉን ግን ይተዉት። ድፍድፍ ጋን ውስጥ ቢያዩት ይሰምጣል፤ ጠላው ከላይ ይጠራል፣ አተላው ከሥር ይቀራል። ስሎብ ከላይ የሚንሳፈፍ ነው አሉ ሞገድ፤ ጠጅ ውስጥ ያለውን ሰፈፍ ያስቡ። ማሩ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ሲያድር ሰሙና ሌላው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲያዩት ወፍራም፣ የተያያዘ፣ ደረቅ ይመስላል። በማንኪያ ሲጫኑት ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ነው። ያነሱት ቦታ ደግሞ ከዳርና ከዳር መጥቶ ይዘጋል። የስሎብ አደጋ እኮ ይኸው ነው፤ የገባውን ሰው ከላይ ይዘጋበታል። ሰፈፍ የሚለው ቃልም ሰፈፈ ከሚለው ጋር ስለሚሄድ ተማሪው በድምፁ ብቻ መንሳፈፉን ይሰማል።

ቅንጬም አይሆንም። ቅንጬ የተቀቀለ፣ የሚያያዝ ነው። ሲሽ ገና አልተያያዘም። ከወፍጮ የወጣ «ሽርክት» ይሻላል፤ ውስጡ እጅዎን ቢከቱ ዘር በዘር ነው፣ ሲንቀሳቀስም ሽ ይላል።


ሞገድ (ባሕር ዳር)

ሰፈፉ ከማየው ሁሉ የተሻለ ነው። እንዲህ አስተካክሉት፤ ሽርክቱ ሲበዛና ሲወፍር ሰፈፍ ይሆናል። በባሕሩ ላይም ሂደቱ እንዲሁ ስለሆነ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ይማሩበታል።

ካብም ይቆይ። ካብ እርከን ላይ ድንጋይ በድንጋይ የሚወጣ ነው፤ ባሊካተር ፍንጣሪ በፍንጣሪ የሚወጣ ነው። አጥር ከሚለው ምንጩም አይርቅም። ልዩነቱ ሰው አይሠራውም፤ ይህን በግማሽ መስመር ይንገሩ።

ጉማጁ ላይ የምለው አለ። ጉማጅ እንጨት ስለሆነ ቀላል፣ የሚንሳፈፍ፣ የማይጎዳ ይመስላል። ጀልባ በግራውለር ላይ ቢነዳ ግን ከዓለት ጋር የተጋጨ ያህል ነው። «ጉማጅ» ካሉ ወዲያው «ከላይ ወገብ የማያልፍ፣ ከሥር ብዙ እጥፍ የሚበልጥ» የሚል ሐረግ ይከተለው። አለዚያ ስሙ አደጋውን ይደብቀዋል።


ንባብ (ሞጣ)

ጥያቄው ላይ ያልተጠየቀ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎቹ ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ የራሳቸውን ሰፈር ቃል እንዲሰበስቡ ማድረግ ይቻላል። ደጋ ገብስ የዘረዘሩት መጀመሪያ ነው፤ ቢቡኝና ደባይ ጥላትግን፣ ፈረስ ቤትና ሰከላ ሲደርሱ ሌላ ይገኛል። ግን አሰባሰቡ ካልተስተካከለ የሚሰበሰበው የመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ ብቻ ነው።

ትልቁ ስህተት «በረዶን በናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው መልሱን ይዞ ሄዷል። ሽማግሌው እንግዳ ላለማሳፈር «እኛም በረዶ ነው የምንለው» ይላሉ፤ አለቀ። በፎቶ መጠየቅም አያዋጣም፤ ፎቶ ላይ አመዳይ፣ ጨውና ዱቄት አንድ ናቸው። ነገሩን ራሱን ያሳዩ። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማታ ሰፊ ሳህን ላይ አንድ ጣት ውሃ ሞልቶ ደጅ ረባዳ ቦታ ማሳደር ነው። ጥልቅ ዕቃ አይሁን፤ ሙቀቱን ስለሚይዝ አይጠጥርም። ከቤት ግድግዳ አጠገብም አይሁን፣ ግድግዳው ሌሊት ሙቀት ይመልሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሳትነካው ይዘው ይቅረቡና «ይህ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። «ይህ ምንድነው?» አይበሉ። ምን ሆነ ሲሉ ግሡ ይመጣል፤ የሚፈለገውም ግሡ ነው፤ ስሙን ማንም ከትምህርት ቤት ሊያመጣው ይችላል፣ ግሥ ግን ከቤት ነው።

ቢያንስ ሦስት ሰው ለየብቻ ይጠየቅ፤ አብረው ከተቀመጡ የመጀመሪያው ሰው መልስ የሁሉም ይሆናል። ተማሪ ልጅ አጠገብ ካለ መጀመሪያ አዋቂው ይመልሱ። እያንዳንዱ ቃል በአንድ ካርድ ላይ ይጻፍ፦ ቃሉ፣ የተነገረበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የቦታው ከፍታ፣ የተናጋሪው ዕድሜ፣ ወሩና ሰዓቱ። የሰው ስም አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩን እንደተነገረ ይጻፉ፤ ሰውየው «ተገብሱ ላይ» ካሉ «ከገብሱ ላይ» ብለው አያርሙት፤ ያ «ተ» ራሱ የተፈለገው ማስረጃ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ «አለ» እንደምንለው ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል ከመጣ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ ያድርጉ፤ ስልክ ካለ ድምፁን ይቅዱ።

መጨረሻ ላይ በተቃራኒው ይጠይቁ። የሰሙትን ቃል ይዘው ሌላ ነገር እያሳዩ «ይህም እንዲያ ይባላል?» ይበሉ። «አይ፣ እሱማ ጤዛ ነው» የምትለዋ መልስ ከአሥር «አዎ» ትበልጣለች፤ የቃሉን ድንበር የምታሳየው እሷ ናት።


ደጋ ገብስ (ሲናን)

የንባብ ሳህን ጥሩ ነው፤ አንድ ማስተካከያ አለኝ። ደመና ያለበት ማታ አያስቀምጡ፤ ደመናው ከመሬት የወጣውን ሙቀት ስለሚመልስ አይጠጥርም። ከዋክብት ጥርት ብለው የሚታዩበትንና ቅጠል የማይነቃነቅበትን ሌሊት ይምረጡ።

አሁን ወደ ሲና። «አፋፍ» አይስማማኝም። የጎጃም ልጅ አፋፍ ሲባል የዓባይን ሸለቆ ነው የሚያየው፤ ከሥሩ ገደል፣ ከፊቱ ባዶ። ሲና ላይ ገደል የለም፤ በረዶውና ውሃው ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው፣ አደጋውም መውደቅ አይደለም። አደጋው የቆምክበት ተቆርሶ ይዞህ መሄዱ ነው፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲዞር። ለዚህ የሚሆነው «ጠርዝ» ነው። የምጣድ ጠርዝ፣ የገበታ ጠርዝ ይቆረሳል። «የጠጠረው ባሕር ጠርዝ፣ ሲና» ብለው አንዴ ይጻፉና ከዚያ ሲና ይበሉት።


ተርጓሚው (ደብረ ማርቆስ)

ጠርዝ አድርጌዋለሁ። ሽርክትና ሰፈፍም ገብተዋል፤ ጉማጁ ከነሐረጉ፣ እንጎቻው ከነተቀለበሰ ዳሩ ነው። አመዳይን ለሚወርደው ነጭ ሰጥቼ በረዶን ለሚንጣጣው ብቻ ተውኩት፤ ረጋን ካገኘሁበት ሁሉ አውጥቼ ጠጠረ አደረግሁ። አራት ቦታ ላይ «ባሕሩ ረግቶ ሰዎች ተሻገሩ» ብዬ ጽፌ ኖሯል።

ለሳህኑ የኅዳርን ሦስተኛ ሳምንት ይዘናል፤ ካርዶቹ እየታተሙ ነው። ከሰከላና ከፈረስ ቤት በኩል ለመጠየቅ ፈቃደኛ የሆነ መምህር ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ ካርድ እልካለሁ።